«የአየር ነው»

መጋቢት 2013 ነበር። የኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ሞልቷል፤ እኛ ላብራቶሪ ያለነው ደግሞ ቀን ከሌት ናሙና እንዘራለን።

የአልጋ 4 ታካሚ ቬንቲሌተር ላይ ከዋሉ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ሲሰጣቸው ትንሽ ሻል ብሏቸው ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ኦክስጅናቸው ወረደ። አንቲባዮቲክ ቢቀየርም ለውጥ የለም። ከመተንፈሻ ቱቦው የተመጠጠ አክታ ላኩልን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ናሙናውን የዘራሁበትን የማብቀያ ሳህን፣ ፕሌቱን፣ ሳወጣ ዳሩ ነጭ፣ መሃሉ ግራጫ አረንጓዴ ዱቄት የሆነ ነገር በቅሏል። በስኮች ቴፕ አንስቼ ሰማያዊው ቀለም ላይ አሳረፍኩና በማይክሮስኮፕ አየሁት። ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ያበጠ ራስ፣ ከራሱ የሚወጡ የስፖር፣ ማለትም የዘር ብናኝ፣ ሰንሰለቶች። ጭራ ወደ ላይ ቀና አድርገው የያዙት ይመስላል። አስፐርጂለስ ፉሚጋተስ የተባለው ፈንገስ ነው።

ደወልኩ። ያነሱት ሲኒየሩ ናቸው።

«ዶክተር፣ የአልጋ 4 ናሙና አስፐርጂለስ አብቅሏል።»

«የአየር ነው። ፕሌቱ ተከፍቶ ቆይቶ ይሆናል።»

«አይ ዶክተር፣ የበቀለው ጭረቱ ላይ ነው።»

«ለማንኛውም ፀረ ፈንገስ ጀምረናል። ሌላ ናሙና እንልካለን።» ዘጉት።

ስፖሩ አየር ላይ ሞልቷል፤ ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን። ከአየር የወደቀ ግን ያገኘው ቦታ ላይ ይበቅላል እንጂ እኔ በሉፕ፣ በመዝሪያ ሽቦው፣ የጫርኩትን መስመር ተከትሎ አይሄድም። እርግጥ አክታ ላይ መብቀሉ ብቻውን በሽታ ነው አያሰኝም። ያኔ አስፐርጂለስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የደም ካንሰር ታማሚን ነው። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ልጦት፣ ስቴሮይዱ መከላከያውን አዳክሞት፣ ፈንገሱ በዚያ በኩል እንደሚገባ ገና እየተማርን ነበር። ለዚህ አልፈርድባቸውም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ፀረ ፈንገስ ያሉት ፍሉኮናዞል ነው፤ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ፍሉኮናዞል ካንዲዳ ለሚባለው ሌላ ፈንገስ እንጂ ለአስፐርጂለስ አይሠራም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ላብራቶሪ ተቀምጠህ ለሲኒየር ስለ መድኃኒት አትናገርም። ጭራሽ ሪፖርቱ ላይ «ብክለት ሊሆን ይችላል» ብዬ ጨመርኩበት።

ሁለተኛው ናሙና ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። እሱም አበቀለ። ያን ቀን አንዲት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ የምትማር ሐኪም፣ ራሷ ወደ ላብራቶሪ ወረደች፤ የማስኩ ሰንበር ፊቷ ላይ አለ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቤተሰቡ ለአስፐርጂለስ የሚሠራውን ቮሪኮናዞል ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሮ አገኘ። ተጀመረ። በሁለተኛው ሌሊት አረፉ።

ቀደም ብሎ ቢጀመር ይተርፉ ነበር አልልም። መድኃኒቱን አግኝተውም ብዙዎች አይተርፉም።

ከሳምንት በኋላ ሬዚደንቷ ተመልሳ መጣች። የመጀመሪያውን መጠየቂያ ወረቀት ይዛለች። ጣቷን ፍሉኮናዞል የሚለው ላይ አድርጋ፣

«ይሄን ያኔ አይተኸው ነበር?» አለችኝ።

«አይቼው ነበር» አልኳት።