ሳይመዘገብ የተሰማ ስም

አጎቴ በዘጌ ጫካ ውስጥ የሚያመርተውን ቡና አሽጎ ለመሸጥ ባሰበ ጊዜ የድረ ገጹን ስም የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ባሕር ዳር፣ ከጀልባ መነሻው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ወደ አሥር የሚጠጉ ስሞችን በደብተር ላይ ከጻፍን በኋላ፣ አጎቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ አንዱን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ስሙ በዶት ኮም ክፍት መሆኑን ያን ዕለት ማታ በስልኬ አየሁ። ነገር ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ስላልነበረን፣ ለሌሎች ለሚከፍል አንድ ሰው ስሙን በቴሌግራም ላክሁለት፤ እሱም ካርድ ላለው ሌላ ሰው አስተላለፈው። በስድስተኛው ቀን ገንዘቡ ሲሟላ ስሙ ተይዞ ነበር።

ማን እንደወሰደው ማስረጃ ስለሌለኝ ማንንም አልከስም። የአጎቴን ፊት ማየት ግን በጣም ከብዶኝ ነበር።

በሕግ በኩል የምንይዘው ነገር አልነበረም። የዶሜይን ስም፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ፣ ቀድሞ ላስመዘገበው ይሰጣል። የዶሜይን ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው የክርክር አፈታት ሥርዓት ስም ለማስመለስ፣ አመልካቹ በንግድ ምልክት ላይ መብት እንዳለውና ስሙን የያዘው ሰው በክፉ ልቦና እንዳስመዘገበውና እንደተጠቀመበት ጭምር ማስረዳት አለበት፤ በደብተር ላይ የተሰመረበት ሐሳብ ደግሞ የንግድ ምልክት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ስሙ የተፈለገበትን ድረ ገጽ ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው መዝጋቢ (የዶሜይን ስም የሚሸጥ ድርጅት) ደንበኞች የፈለጓቸውን ስሞች ለ4 ቀናት በራሱ እየያዘ፣ በሌላ መዝጋቢ በኩል እንዳይገዙ ያደርግ እንደነበር ታውቋል። ይህን ያመቻቸው አዲስ የተመዘገበን ስም በ5 ቀናት ውስጥ ያለ ኪሳራ መሰረዝ መቻሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ከመጠን ያለፈ ስረዛን ስላስከፈለ አሠራሩ አዋጪነቱን አጣ። ስለዚህ እኔ ከመፈለጊያው ሣጥን ይልቅ የሚያሰጋኝ፣ በእኛ አገር በሐሳቡና በክፍያው መካከል የሚያልፈው ቀንና በዚያ መካከል ስሙን የሚሰማው ሰው ብዛት ነው።

ለሁለተኛው ስም ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ዘጌ በላቲን ሲጻፍ ኤች ይግባበት አይግባበት የሚለውን ሳይቀር በወረቀት ላይ ጨረስን፤ ክፍት መሆኑንም አስቀድመን አልፈተሽንም። ውጭ አገር ያለችው እኅቴ ካርዷን አዘጋጅታ የመዝጋቢውን ገጽ ከከፈተች በኋላ ደወለችልን። አጎቴ ስሙን ፊደል በፊደል የነገራት ያን ጊዜ ነው፤ ክፍት ሆኖ ስላገኘችው ስልኩን ሳትዘጋ ከፈለች።