ኤክስ100ኤፍ በሰሜን ሸዋ፦ የወደድኩለትና የሚያሳስበኝ

የፉጂፊልም ኤክስ100 ካሜራ መልኩ የድሮ የፊልም ካሜራ ነው፤ ውስጡ ዲጂታል፤ ሌንሱ ደግሞ የማይነቀል አንድ 23 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ በፊልም ልክ ሲታሰብ 35 ሚሊ ሜትር የሚሆን። ፉጂፊልም የመጀመሪያውን ኤክስ100 እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ ካቀረበ ጀምሮ እስከ 2024ቱ ኤክስ100ቪአይ ድረስ ይህን አልቀየረም። ብዙ ሰው የሚማረከው በመልኩ ነው። እኔን የያዙኝ ቀለበቶቹና ቪውፋይንደሩ (ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ መስኮት) ናቸው። የሚያሳስበኝ ያው የማይነቀለው ሌንስ ነው፤ የካሜራው ጥሩነትም ጣጣም ከእርሱ ይመነጫል።

የመረጥኩት ያገለገለ ኤክስ100ኤፍ ነው፣ የ2017ቱ። ከእርሱ በፊት የወጡት ሦስቱ ኤንፒ-95 በምትባል ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ። ኤፍ ግን ሌሎች የፉጂ ካሜራዎችም የሚጠቀሙባትን ኤንፒ-ደብሊው126ኤስ ስለሚጎርስ፣ ሲቸግር ከባልደረባ ተውሶ ሥራ መጨረስ ይቻላል። አምራቹ በአንድ ባትሪ በኦፕቲካል ቪውፋይንደር (በመስታወት በቀጥታ በሚታይበት) 390፣ በኤሌክትሮኒኩ (በትንሽ ስክሪን በሚታይበት) 270 ፎቶ ይላል። በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ከዚህ ያነሰ ነው የሚሰጠው፤ መለዋወጫውን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከጋቢ ሥር፣ ደረት ኪስ ውስጥ መያዝ ነው።

ያገለገለ ስገዛ በመጀመሪያ የምፈትሸው የአፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ምላጮች ነው። በተለይ በ2011ዱ ሞዴል ላይ ምላጮቹ እየተጣበቁ አልዘጋ ማለታቸው የታወቀ ችግር ነው። የሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን) መዘውር ኤ (አውቶማቲክ) ላይ አድርጌ፣ ብርሃኑ የማይለዋወጥ ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ ከኤፍ 2 (ሰፊው ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 16 (ጠባቡ) በየደረጃው አንድ አንድ አነሳለሁ። ጤነኛ ከሆነ ሁሉም ፎቶ እኩል ይበራል። ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ ድንገት ነጭ ሆኖ ከወጣ ምላጩ አልተዘጋም ማለት ነው። ሻጩ ምንም ቢል እንዲህ ያለውን አልገዛም፤ ሹተሩና አፐርቸሩ ሌንሱ ውስጥ ስለሆኑ ጥገናው ካሜራውን መበታተን ይጠይቃል።

ቀጥሎ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር። ኤፍ 16፣ ፎከሱ በማንዋል ቅርብ ላይ፣ ጥርት ወዳለ ሰማይ። ፎቶውን አጉልቼ ከጥግ እስከ ጥግ አያለሁ። ጠቆር ያለ ክብ ነጠብጣብ ከታየ አቧራ ነው። ሌንሱ በሚነቀል ካሜራ ላይ በጎማ መንፊያ የሚገላገሉት ነገር እዚህ ላይ ባለሙያ ይፈልጋል። አቧራው መግቢያ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ የሌንሱ ፊት ነው፤ ፎከስ ሲያደርግ ወጣ ገባ ስለሚል አየር ይስባል። ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ቀጭን ቀለበት ፈትቼ ማያያዣ ቀለበትና 49 ሚሊ ሜትር መከላከያ ፊልተር አሰርኩለት። በበጋ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የወጣ ሰው ይህን ለምን እንደማላነሳው ይገባዋል። ይህ ግን ኤፍን ዝናብ አያስችለውም። ፊልተሩ ሲታሰርላቸው ዝናብና አቧራ እንዲቋቋሙ ተደርገው የተሠሩት ከኤፍ በኋላ የመጡት ኤክስ100ቪና ኤክስ100ቪአይ ብቻ ናቸው።

የቀረው ፍተሻ ፈጣን ነው። ውስጡ ያለውን ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን ቀናሹን) ሳበራ 1/1000 ሰከንድ የነበረው ሹተር ወደ 1/125 መውረድ አለበት፣ ሦስት ስቶፕ ነውና፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው። ከፊት ያለችው ማንሻ ቪውፋይንደሩን ከኦፕቲካል ወደ ኤሌክትሮኒክ ሳትንገራገጭ መቀየር አለባት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) የሚቀየረው የሹተሩን መዘውር ጠርዝ ወደ ላይ ስቦ በማዞር ስለሆነ እሱንም ዳር እስከ ዳር አዞረዋለሁ።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ስለታም፣ ጥላዋ ደግሞ ጥቁርና ሰማያዊ ነው። በዚያ ላይ ሰው የሚለብሰው ነጠላና ጋቢ ነው። ጠይም ፊትና ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲገቡ የካሜራው መለኪያ አንዱን ለማዳን ሌላውን ይጎዳል። ነጠላው የፎቶውን ግማሽ ከሞላው ካሜራው ያጨልመዋል፣ ፊት ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ የብርሃን ማካካሻውን መዘውር ከዜሮ ወደ ሲደመር አንድ ሦስተኛ እወስዳለሁ። ከኋላ የጨለመ በር ወይም የጎጆ ውስጥ ካለ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ካሜራው ስለሚያበራው የነጠላው ሽመና ይጠፋል፣ ስለዚህ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ እቀንሳለሁ። ሁልጊዜ የምተዋቸው ሰቲንጎች ዲአር200 (ዲአር ደማቁ ክፍል እንዳይቃጠል የሚጠብቅ ነው)፣ ሃይላይት (ደማቁ ክፍል) ሲቀነስ 1፣ ሻዶው (ጥላው) ሲቀነስ 1፣ ለቀለሙ ለዘብ ያለው ክላሲክ ክሮም ናቸው። ቬልቪያ የሚባለው ደማቅ ቀለም ለአንኮበር ገደል ያምራል፤ ለሰው ፊት ግን ቀዩን ያበዛዋል።

ብዙዎች ዲአር400ን ማብራት ይወዳሉ። በቀትር የሚሆነውን እንቁጠረው። ኤክስ100ኤፍ ላይ ዲአር400 ቢያንስ አይኤስኦ 800 ይፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ 800 ማለት በኤፍ 16 ወደ 1/800 ነው፤ ኤፍ 5.6 ላይ ወደ 1/6400 ይወጣል። የዚህ ካሜራ የሌንስ ሹተር ግን በኤፍ 2 ከ1/1000፣ በኤፍ 4 ከ1/2000፣ ከኤፍ 8 ጀምሮ ደግሞ ከ1/4000 አያልፍም። ፎቶው ሊቃጠል ነው ማለት ነው። መፍትሔው ኤንዲውን ማብራት ነው፤ 1/6400 ወደ 1/800 ይወርድና ሁሉም ይሠራል። የኤሌክትሮኒክ ሹተሩ እስከ 1/32000 ቢሄድም ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች በተራ ስለሚያነብ የሚሮጥ የጋሪ ፈረስ እግርን ያጣምመዋል። ለቆመ ነገር ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ያው የሌንስ ሹተር ለፍላሽ ግን በረከት ነው። የሌሎች ካሜራዎች መጋረጃ ሹተር ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ በተለመደው መንገድ ከፍላሽ ጋር አይገጥምም። ይህኛው ይገጥማል። በጥምቀት ቀትር ላይ በጃንጥላ ሥር ያለ የካህን ፊት ይጨልማል፤ አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 8፣ 1/1000 አድርጌ ትንሽ የውጭ ፍላሽ ስጨምር ሰማዩም ፊቱም ይተርፋል። የውስጡ ፍላሽ በዚህ ልክ ከአንድ ሜትር አይሻገርም። ፍላሹን በሙሉ ኃይል አልሰጠውም፤ ብልጭታው ከሹተሩ መዘጋት በላይ ስለሚቆይ ከፊሉ ይባክናል። በቅዳሴና በማሕሌት ጊዜ ፍላሽ የለም። «አባ፣ ይፍቀዱልኝ» ብዬ ካስፈቀድኩ በኋላ ድምፅ አጥፍቼ፣ ኤፍ 2፣ 1/60፣ አይኤስኦ 3200። ሹተሩ ለአጠገብህ ሰው እንኳ አይሰማም።

ለገበያ ቀን አውቶ ፎከሱን እተወዋለሁ። ኤፍ 8፣ ማንዋል ፎከስ 3.3 ሜትር ላይ፤ ከ1.7 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ጥርት ይላል። የካሜራው የርቀት መስመር ከዚህ ጠባብ ስፋት ካሳየ ሰቲንጉ በፒክስል ልክ ላይ ስላለ ነው፤ ወደ ፊልም ልክ መቀየር ነው። እንዲህ ሲሆን የኦፕቲካል ቪውፋይንደሩ ጥቅም ይታያል፦ ከክፈፉ ውጭ ያለውም ስለሚታይ፣ በግ እየነዳ የሚመጣው ሰውዬ ክፈፉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ታየዋለህ። አጠገብ ላለ ነገር ግን አይታመንም፤ መስኮቱና ሌንሱ ጎን ለጎን ስለሆኑ ክፈፉ ይንሸራተታል። እንዝርት የምታሾር የመንዝ እናት እጅን ሳነሳ ወደ ኤሌክትሮኒኩ ቀይሬ ኤፍ 4 አደርጋለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሞዴሎች ሌንስ በቅርብ ርቀት ኤፍ 2 ላይ ጭጋግ ያለበት ይመስላል፤ የሱፉ ክር አንድ አንዱ እንዲለይ ኤፍ 4 ይበቃል። የተሻሻለው ሌንስ የመጣው በ2020ው ቪ ነው።

ጣርማ በር ጉም ሲሸፍነው አውቶ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የሚይዘው ንፅፅር የለምና። ማንዋል አድርጌ ጠቆር ያለ የድንጋይ ጠርዝ ላይ የኤኤፍ-ኤል ቁልፍን አንዴ እጫናለሁ፤ ከዚያ ቀለበቱን አልነካውም። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ በብርድ የቆየው ካሜራ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ሌንሱ ላይ ላብ ያወጣል። ከመነሳቴ በፊት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጥብቄ አስሬ፣ ከደረስኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልከፍት አቆየዋለሁ።

ጥርጣሬዬ መንዝ ጓሳ ላይ ይጠነክራል። የጭላዳ መንጋ ከነሣሩና ከነሰማዩ በ35 ውብ ነው፤ የአንዱን ጭላዳ ፊት ብቻ ከፈለግህ ግን ወደ እንስሳው መጠጋት ይመጣል፣ ያን አላደርግም። ቀይ ቀበሮ ጭራሽ አይሞከርም። ፎቶውን ወደ 50 ሚሊ ሜትር ልክ ብቆርጠው ከ24 ሜጋ ፒክስሉ 12 ያህሉ ይተርፋል፤ ለትልቅ ኅትመት ይሳሳል። የዱር እንስሳ ዋና ሥራው የሆነ ሰው ይህን ካሜራ አይግዛ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ዋጋው ነው። ሲወጡ ኤፍ 1,299፣ ቪ 1,399፣ ቪአይ 1,599 ዶላር ነበሩ። ስሙ በማኅበራዊ ሚዲያ ከገነነ ወዲህ ያገለገለው ቪ ከአዲስ ዋጋው በላይ ሲጠየቅበት ታይቷል። አፐርቸሩ ሲጣበቅ ወይም አቧራ ሲገባ ሌንስ ብቻ ለውጦ መቀጠል በማይቻልበት ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ዋጋ አልከፍልም። በክረምት ዝናብ ውስጥ ለሚሠራ ቪን፣ በጨለማ ቤተ መቅደስ ውስጥ በእጅ ይዞ ቀስ ባለ ሹተር ለሚያነሳ መንቀጥቀጥ የሚቋቋመውን ቪአይ እመክራለሁ። ለሰው፣ ለገበያና ለመልክዓ ምድር ግን ምላጩና ሴንሰሩ ከላይ በጻፍኩት መንገድ ተፈትሾ ያለፈ ኤፍ ይበቃል፤ ትርፉን ገንዘብ ለሁለት መለዋወጫ ባትሪ፣ ለማያያዣው ቀለበትና ለፊልተሩ ማዋል ይሻላል።