የእህቴ ልጅ ስልክ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሐዋሳ፣ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ የ13 ዓመት ልጇ ስልኳን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወደ ጓዳ ስትገባ ፊቷ አላማረኝምና ተከተልኳት። ከብዙ ልመና በኋላ «አክስቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ» ብላ አሳየችኝ። በክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ በኩል ያገኛት፣ የእኩያዋን ሴት ልጅ ስም የያዘ ሰው፣ መጀመሪያ የቤት ሥራ ሲልክላት፣ ቀጥሎም ካርድ ሲሞላላት ከርሞ፣ የዩኒፎርም ፎቶዋን ከተቀበለ በኋላ «ሌላ ካልላክሽ ይህን ከራቁት ገላ ጋር አቀናብሬ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ እበትነዋለሁ» ብሏታል።

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ሲዘጉ ትምህርትን በቴሌግራም መላክ የግድ ሆኖ ነበር፤ ከተከፈቱም በኋላ ልማዱ አልቀረም። ሊንኩ እጁ የገባ ሁሉ ይገባል፤ ከገባም ስልክ ቁጥር ሳያስፈልገው ለፈለጋት ልጅ በግል ይጽፋል።

እህቴ ስትሰማ ስልኩን ነጥቃ ሁሉንም ልታጠፋ ነበር። እጇን ያዝኩ። ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ብሎክ ከማድረጋችን በፊት የአካውንቱን ስምና ዛቻውን ከነቀኑ ስክሪንሾት አነሳን።

ሕግ የለም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በጽሑፍ ወይም በምስል ለወሲብ ድርጊት የሚያነሳሳ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የልጅን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትም ያስቀጣል፤ «ተጠንቀቁ» እያሉ እንዲህ ያለውን ምስል ለጎረቤት የሚያዞሩ ደጋግ ሰዎች ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ሆኖም አዋጁ የሚሠራው ልጅቱ ስትናገር ነው። ሰውየው የተማመነው በቴክኖሎጂ ብልሃቱ ሳይሆን በእናቷ ቁጣ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ዝም ያለችው እመታለሁ፣ ስልኬንም እቀማለሁ ብላ ነው። ይህን ስነግራት እህቴ ለረጅም ጊዜ ሲኒውን ስታሽከረክር ቆየች።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። ስልኩ አልተቀማም፤ ወደ ግሩፕ የሚያስገባት በስልኳ የመዘገበችው ሰው ብቻ እንዲሆን አስተካከልንላት፣ ሌሊትም ሳሎን ከረከቦቱ አጠገብ እንዲያድር ተስማሙ። የይለፍ ቃሉን እናቷ ትወቀው አትወቀው በሚለው ላይ ግን ድርድሩ ገና አላለቀም።