ስፓኒሽ ከዶክተር ፖሎ ችሎት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ምን እያየህ ነው የምትለማመደው ላላችሁኝ፣ መልሱ «ካሶ ሴራዶ» የተባለው የቴሌቪዥን ችሎት ነው። ቴሌኖቬላውን (የስፓኒሽ ተከታታይ ድራማውን) ትቼዋለሁ፤ እዚያ ሰው ተፋጥጦ ሙዚቃ ሲንቆረቆር ሰዓቱ ያልቃል። እዚህ ግን ከሳሽ ገና ከመግባቱ አቤቱታውን ያወርደዋል።

ለማታውቁት፣ ቴሌሙንዶ የተባለው የአሜሪካ የስፓኒሽ ቴሌቪዥን በ2001 እ.ኤ.አ. «ሳላ ዴ ፓሬሃስ» ብሎ የጥንዶችን ጠብ ለማየት የጀመረው ነው፤ በ2005 ስሙ ተቀይሮ ሁሉም ዓይነት ክርክር ገባበት። የምትዳኘው ሀቫና የተወለደችው ጠበቃ አና ማሪያ ፖሎ ናት። መደበኛ ፍርድ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ በተዋናዮች የሚቀርቡ ታሪኮችም አሉበት። ለእኔ ጆሮ ግን ልዩነት የለውም።

ጥቅሙ አንዱ ነገር ደጋግሞ መነገሩ ነው። የብድር ክርክር ነው እንበል። ከሳሿ ስታወራ «እህቴ» እና «ገንዘብ» የሚሉትን ብቻ እይዛለሁ። ተከሳሿ ተነስታ «ስጦታ ነበር!» ስትል ጠቡ ምን ላይ እንደሆነ ይገባኛል። ፖሎ ሁለቱንም ዝም አሰኝታ «ወረቀት አለሽ? ማን አየ?» ብላ አንድ በአንድ ስትጠይቅ ያመለጠኝ ይሞላል። ስትቆጣ ግን ፍጥነቷን አልችለውም።

ሌላው ያለፈ ጊዜ ነው። ምስክርነት ሁሉ ያለፈ ጊዜ ስለሆነ፣ «ዶርሚያ» (ተኝቼ ነበር) እና «ዬጎ» (መጣ) አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲመላለሱ ስሰማ፣ የግሥ እርባታ ሰንጠረዥ መሸምደዱን ተውኩት። የኩባዎቹ አነጋገር አሁንም ይፈትነኛል፤ የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። ሜክሲኮዎቹ ይሻላሉ።

አሠራሬ፦ ከሥር የስፓኒሽ ጽሑፍ አብርቼ አያለሁ፤ ከውሳኔው በፊት አቆምና ፍርዱን ጮክ ብዬ ራሴ እሰጣለሁ፤ ከዚያ መዶሻዋን መትታ «ኤ ዲቾ! ካሶ ሴራዶ!» (ብያለሁ! ጉዳዩ ተዘግቷል!) እስክትል እከታተላለሁ። ብዙ ጊዜ አንስማማም፤ እኔ ለተበዳሪ አደላለሁ መሰለኝ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ስድቡን ሥራ ቦታ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ አብረውኝ የሚሠሩት ኤል ሳልቫዶሮች ደግሞ «አንተ» ወይም «አንቺ» ለማለት «ቱ»ን ትተው «ቮስ» ነው የሚሉት፤ ያንን ከእነሱ እንጂ ከፕሮግራሙ አላገኘሁትም።

ቀጥሎ ጽሑፉን አጥፍቼ ልሞክር ነው። እሁድ ማታ በስልክ ተከሳሽ ሆኖ የሚከራከረኝ ካለ ይጻፍልኝ፤ ከሳሹ እኔ ነኝ።