ያልተዘጋው መስመር

ዛሬ ከሰዓት በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት አንዱ ጋ ጎራ አልኩ። ልብ ወለድ ፍለጋ ሄጄ፣ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የአንሪ ማቲስን የመስመር ንድፎች የያዘ፣ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ታቅፌ ተመለስኩ። «ሥዕል ትማሪያለሽ ልጄ?» አሉኝ ሻጩ አባት። አልማርም። ግን አንድ ገጽ ገልጬ ከዚያ መላቀቅ አቃተኝ።

ሴትዮዋ ክንዷን ተንተርሳ ጋደም ብላለች። ጥላ የለም፤ ነጭ ወረቀትና የብዕር መስመር ብቻ። መስመሩ ከጆሮዋ ሥር ተነሥቶ በአንገቷ ቁልቁል ይወርዳል፤ ትከሻዋ ላይ ይታጠፍና ክርኗ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። አይዘጋም። የቀረውን ዓይኔ ራሱ ሞላው፤ የክንዷ ክብደት ሳይቀር ተሰማኝ።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ንድፎቹ በጻፈው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በቅድሚያ ሞዴሏን በከሰል እየሣለ ያጠናል። ብዕር የሚያነሣው ያየው ነገር ልቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የብዕር መስመር አይደመሰስማ!

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ትዝ አሉኝ፤ የእመቤታችንን ዓይንና ረጃጅም ጣቶች የሚያናግራቸው ያ ጥቁር መስመር። በልጅነቴ ቀለሙን ብቻ ነበር የማየው፤ ዛሬ ያንን መስመር ሄጄ ማየት አማረኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ቸርችል ጎዳና ላይ ታክሲ የምትጠብቅ ሴት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከአንገቷ እስከ ክርኗ ያለውን መስመር በዓይኔ ተከተልኩት።