ማይክሮስኮፑን ሣጥን ውስጥ ሳስገባ

ጥቃቅን ነገሮችን አጥርቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ጫማ ካርቶን በሚያህል ሣጥን ውስጥ ስገጥም፣ የመጀመሪያው ስህተቴ ናሙናውን የሚያበራውን ሌዘር ሣጥኑ ውስጥ መክተቴ ነበር።

በተለመደው ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች ተደባልቀው አንድ ሆነው ነው የሚታዩት። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርነስት አቤ ይህን ወሰን የቀመረው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። የእኔ መሣሪያ ወሰኑን የሚያልፈው በብልጭታ ነው። ናሙናው ውስጥ ያሉት የሚያበሩ ሞለኪውሎች ባንዴ አይበሩም፤ ተራ በተራ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ብልጭታ መሃል ይፈልግና በሺዎች ከሚቆጠሩ ምስሎች አንድ ጥርት ያለ ምስል ይገጣጥማል።

ጠረጴዛ ሙሉ የሚይዘውን ዕቃ ወደ ጫማ ካርቶን መጠን ያወረደልኝ አንድ አጭር ሌንስ ነው። 60 እጥፍ የሚያጎላው ኦብጀክቲቭ፣ ማለትም ናሙናው አጠገብ ያለው ሌንስ፣ የተሠራው ከኋላው 180 ሚሊሜትር ሌንስ እንዲኖር ታስቦ ነው። እኔ 100 ሚሊሜትር አስገባሁ። ማጉላቱ ወደ 33 ወረደ። ኪሳራ ይመስላል። ግን የካሜራዬ ፒክስል 3.45 ማይክሮሜትር (አንድ ማይክሮሜትር 1000 ናኖሜትር ነው) ስለሆነ አንዱ ፒክስል ናሙናው ላይ 103 ናኖሜትር ያህል ይሸፍናል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም እሱው ነው።

ሙቀቱ ግን ጉድ ሠራኝ። ለምልክት የበተንኳቸው የሚያበሩ ጥቃቅን ዶቃዎች ስክሪኑ ላይ ቀስ እያሉ ወደ ቀኝ ሲሄዱ አየሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በናሙና መያዣው ሳላክክ ከረምኩ። በኋላ ክዳኑን በእጄ ስነካው ሞቋል፤ ለካ ሌዘሩ ሣጥኑን እያሞቀው ነው። 10 ሳንቲሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር 2.3 ማይክሮሜትር ይረዝማል። 20 ናኖሜትር ለይቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ አገር ማቋረጥ ነው።

ሌዘሩን አወጣሁና ብርሃኑን ወፈር ባለ ኦፕቲካል ፋይበር፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ክር፣ አስገባሁ። ደግሞ ሌላ ጣጣ፦ ብርሃኑ ዥንጉርጉር ሆነ። ፋይበሩ ላይ ከአሮጌ ስልክ የወጣች የንዝረት ሞተር አሰርኩ። ፋይበሩ ሲንቀጠቀጥ ካሜራው አንድ ምስል እስኪያነሳ ዥንጉርጉሩ ተምታቶ ይጠፋል። ጠፋም። ግን ሣጥኑ ራሱ መንዘር ጀመረ! ሞተሯን አራቅኩና ፋይበሩን መሃል ላይ በስፖንጅ ያዝኩት።

የሣጥኑን ነገር ካነሳሁት አይቀር፣ የመስታወት ማስተካከያ ብሎኖቹ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ እጅ አይደርስባቸውም ነበር። ክዳን በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ሁሉም ነገር ቦታውን ይለቃል። ሁለተኛው ሣጥን ላይ ለመፍቻ የሚበቁ ቀዳዳዎች በስቻለሁ።

አሁን ካበራሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ዝም ብዬ እተወዋለሁ። ዶቃዎቹ ዛሬም ትንሽ ይሄዳሉ፤ እሱን ሶፍትዌሩ እየተከተለ ያስተካክለዋል።