የተለየ ሳህን የሌለበት ፓርቲ

ልጄ 15 ዓመቷን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ቤት ውስጥ ማክበር ፈለገች። ስለ ሙዚቃው፣ ስለ መብራቱ ስታወራኝ ቆይታ መሃል ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገች። "እማ፣ አንዱ ጓደኛችን ኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። ግን አታስቢ፣ ምግቡን ይዞ ይመጣል።"

ይዞ ይመጣል የሚለው አልተዋጠልኝም። ሌሎቹ ፒዛ ሲሻሙ እሱ ጥግ ይዞ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ታየኝ። በዚህ ዕድሜ ከበሽታው ይልቅ ተለይቶ መታየት ነው የሚያስፈራው። እንደሚባለውም በምግብ አለርጂ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ከሚወድቀው ውስጥ ታዳጊዎችና ወጣቶች ጎልተው ይታያሉ። መድኃኒታቸውን ቤት ጥለው ይወጣሉ፣ ለጓደኛ መናገር ያሳፍራቸዋል፣ "ትንሽ ብቀምስ ምን አለበት" ይላሉ።

ስለዚህ ገና ከጅምሩ ወሰንኩ። ለእሱ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ምግብ አይኖርም። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ሁሉ እሱ የሚበላው ይሆናል።

ውሳኔው ከርኅራኄ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ለሥራም ይቀላል። ሁለት ዓይነት ምግብ ጎን ለጎን ከቀረበ ማንኪያ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞሩ አይቀርም። አንዱን ኬክ የቆረጠ ቢላ ሌላውንም ይቆርጣል። ለእንዲህ ዓይነት አለርጂ ደግሞ ፍርፋሪ ይበቃል። ሁሉም ምግብ ከኦቾሎኒ ነጻ ከሆነ ግን ማንኪያው የፈለገበት ቢዞር ምን ቸገረኝ?

መጀመሪያ ለእናቱ ደወልኩ። "ልጅዎ አለርጂ አለበት አሉኝ" ብሎ መዝጋት አይበቃም፤ ዝርዝሩ ነው ሥራውን የሚሠራው። ኦቾሎኒ ብቻ ነው ወይስ ካሹ፣ አልሞንድ፣ ዋልነት፣ ሃዘልነትም ጭምር? ኦቾሎኒ ወገኑ ከባቄላና ከአተር ነው፤ ሌሎቹ የዛፍ ፍሬዎች ናቸው። ስለዚህ አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውን ሊበላ ይችላል። ሁለቱም የማይስማሙት ሰውም ብዙ ነው። የእሱ ኦቾሎኒና ካሹ ሆኖ ተገኘ። ካሹ የማይስማማው ሰው ብዙውን ጊዜ ፒስታቺዮም ስለማይስማማው፣ ልለይ ብዬ ከምጨነቅ ሁሉንም አስቀረሁ። አስም እንዳለበትም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አስም ካለ ሪያክሽኑ፣ ማለትም ሰውነት ለአለርጂው የሚሰጠው ምላሽ፣ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ልጁን ራሱን አነጋገርኩት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እናት የምትነግርሽ ሕመሙን ነው፤ ልጁ የሚነግርሽ ኑሮውን ነው። "አይቸገሩ፣ እኔ እኮ ማሸጊያውን ካላየሁ ምንም አልቀምስም" አለኝ። ከዚህ ንግግሩ አንድ ሐሳብ አገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፓርቲው የገዛሁትን ነገር ሁሉ ማሸጊያ አልጣልኩም። የዱቄቱን፣ የቺዙን፣ የኮኮዋውን፣ የፖፕኮርኑን፣ ሁሉንም በአንድ ካርቶን አስቀመጥኩለት።

ገበያው ላይ ጊዜዬን የበላው ንባብ ነው። ፊደሎቹ ከማነሳቸው የተነሳ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ አጉልቼ አነብ ነበር። አንድ ቸኮሌት ትዝ ይለኛል። ያው ስም፣ ያው ቀለም፤ ትንሹ ላይ ስለ ኦቾሎኒ የሚል ነገር የለም። ትልቁን ገልብጬ ሳየው፣ ከዝርዝሩ ሥር "የኦቾሎኒ ቅንጣት ሊኖርበት ይችላል" ይላል። ሌላ ፋብሪካ ወይም ሌላ የማምረቻ መስመር ላይ ተመርቶ ይሆናል። "ሊኖርበት ይችላል" የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በብዙ አገር አምራቹ በፈቃዱ የሚጽፈው ነው፤ በሕግ አይገደድም። ስለዚህ አልተጻፈም ማለት የለበትም ማለት አይደለም። ጥርጣሬ ካደረብኝ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው ነበር። ባለፈው የገዛሁትንም እንደ አዲስ አነበብኩ፤ አሠራሩ ሳይነገር ይቀየራላ።

ኦቾሎኒና የዛፍ ፍሬ የሚደበቁባቸው ቦታዎች አንዳንዴ ያስቃሉ። ፓስታ ላይ የሚደረገው አረንጓዴ ስጎ፣ ፔስቶ፣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ካሹ ይገባል። ኬክ ላይ የሚለበጠው ማርዚፓን አልሞንድ ነው። ዳቦ ላይ የሚቀባው የቸኮሌት ክሬም ብዙ ጊዜ ሃዘልነት አለበት። አይስክሬም ቤት ውስጥ ደግሞ ቫኒላውን የሚዝቀው ማንኪያ ቅድም የፒስታቺዮውን ሲዝቅ የነበረው ነው። ስለዚህ አይስክሬሙን የታሸገ ገዛሁ።

ኬኩን ለማዘዝ ኬክ ቤቶች ጋ ደውዬ ነበር። አንዱ "ኦቾሎኒ አናደርግበትም" አለኝ ፈጠን ብሎ። ትሪውና ማደባለቂያው ለሌላው ኬክም ያገለግላል ወይ ስለው ዝም አለ። ሌላው ግን በግልጽ "ማረጋገጫ ልንሰጥዎ አንችልም" አለኝ። እኔ የወደድኩት ይህንን ነው፤ ቢያንስ የሚያወራውን ያውቃል። ኬኩን ቤት ጋገርኩት።

የራሴ ኩሽናም መፈተሽ ነበረበት። የማርማላታውን ክዳን ስከፍት አፉ ላይ ቡናማ ነገር ተለድፏል። የኦቾሎኒ ቅቤ ነው። እኛ ቤት ያው ቢላ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገባል፤ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ተከፍተው የነበሩትን ማርማላታ፣ ቅቤና ስኳር ለፓርቲው አልነካኋቸውም፤ አዲስ ገዛሁ። የእንጨት ማማሰያና መክተፊያም ስንጥቃቸው ውስጥ ምን እንደያዙ ስለማይታወቅ ወደ ጎን አደረግኳቸው። "እሳት ያጠፋው የለ?" ያለኝ ሰው ነበር። አያጠፋውም። ችግሩ ጀርም አይደለም፤ ራሱ ፕሮቲኑ ነው። ኦቾሎኒ ሲቆላ እንዲያውም ይብሳል።

ግብዣውን የጻፈችው ልጄ ናት። "ምንም ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ምግቡ ሞልቷል" አለቻቸው። የማንንም ስም አላነሳችም። ቢሆንም አንዷ ፓኬት ቸኮሌት ይዛ ከተፍ አለች። አመስግኜ ተቀበልኳትና መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ሁሉም ሲገቡ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ አደረግኩ፤ መንገድ ላይ ምን ሲቆረጥሙ እንደመጡ አይታወቅም። ሳኒታይዘር እዚህ ላይ አይረባም፤ ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒ ፕሮቲን አያነሳም።

ከምግቡ በላይ የተጨነቅኩበት መድኃኒቱ ነው። ልጁ ሁለት የአድሬናሊን መርፌ፣ አለርጂው ሲጠናበት ወዲያው የሚወጋውን መድኃኒት፣ በወገብ ቦርሳ ይዞ መጣ። አሠራሩን ራሱ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፤ ደስ ብሎት አሳየኝ። የሚወጋው የጭን ውጭኛው ጎን ላይ ነው፣ በሱሪው ላይም ይሆናል። ወዲያው አምቡላንስ ይጠራል። ልጁ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይላል፤ መተንፈስ ከከበደው ቁጭ ይላል እንጂ ተነሥቶ እንዲሄድ አይደረግም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛው ይወጋል። ቢሻለውም ሐኪም ቤት መሄዱ አይቀርም፣ ሪያክሽኑ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና። የአለርጂ ኪኒን የመርፌውን ቦታ አይተካም።

ይህን ለልጄና ለአንዲት ጓደኛዋም ነገርኩ። በተለይ አንድ ነገር አጥብቄ አስያዝኳቸው። ልጁ ደስ ካላለው ብቻውን ሽንት ቤት እንዳይሄድ። አፍረው ተደብቀው እዚያው የሚወድቁ አሉ። ስለ መሳሳምም ላነሣ ሞከርኩ፤ ኦቾሎኒ የበላ ሰው ምራቅ ውስጥ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላልና። "እማ፣ በቃ!" ብላ ጆሮዋን ያዘች። ሰምታኛለች ግን።

ልጁ እንደመጣ በቀጥታ ካርቶኑ ጋ ሄደ። እያንዳንዱን ማሸጊያ አገላብጦ አነበበ፣ ፖፕኮርኑን ሁለቴ አየው። ከዚያ ሳህን አንሥቶ ፒዛው ላይ ከሌሎቹ እኩል ተሻማ። ግማሾቹ ልጆች አለርጂ ያለበት ሰው መኖሩን ሳያውቁ ነው የወጡት።

ለሚቀጥለው ግን የማሸጊያዎቹን ፎቶ ቀደም ብዬ ስልኩ ላይ እልክለታለሁ፤ እቤቱ ሆኖ ተረጋግቶ ያነባል። ልጄ ደግሞ ወተት የማይስማማት አዲስ ጓደኛ ይዛ መጥታለች። ቺዝ የሌለበት ፒዛ እነዚህ ልጆች ይበሉልኛል ወይ የሚለው ነው አሁን የያዘኝ።